ዶክተር ጆን ስኖው (1813–1858)፤ ማደንዘዣን በልክ የሰጠ ሐኪም

አንድ ሕፃን ለቀዶ ሕክምና በቀረበ ቁጥር ማደንዘዣ ሰጪው ባለሙያ አንድ የቆየ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሕፃኑን በትንፋሽ በሚገባ ተን ማስተኛት ይሻላል ወይስ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት? ይህ ማወዳደር እስከ ዛሬ ድረስ በሙያው መጻሕፍትና ጉባኤዎች ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ ቀድሞ የሚነሣ፣ ከእርሱም የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም መድኃኒቱ በየትኛውም መንገድ ቢገባ ለዚህ ልጅ የሚበቃው መጠን ስንት ነው፣ ከልኩ ማለፉስ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ በሥርዓት ያነሣው፣ የዕድሜውንም የመጨረሻ ዓመታት መልሱን በመፈለግ ያሳለፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ጆን ስኖው ነው።

የስኖው ስም በሰፊው የሚታወቀው በኮሌራ ላይ ባደረገው ምርምር ነው። የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች የሙያቸው አባት አድርገው ይቆጥሩታል። ዘወትር እንጀራውን ይበላበት የነበረው ሥራ ግን ማደንዘዣ መስጠት ነበር። በዚህም ሥራ ከሽማግሌዎች እስከ ጥቂት ሳምንት ሕፃናት ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በእጁ አልፈዋል። የሕይወቱ ታሪክ እዚህ የሚቀርበው በተለይ ከሕፃናት ሰመመን ጋር ካለው ግንኙነት አንጻር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልደትና አስተዳደግ

ጆን ስኖው በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በዮርክ ከተማ ማርች 15 ቀን 1813 ተወለደ። አባቱ ዊልያም ስኖው የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ኋላ ግን በጥረቱ መሬት አፍርቶ ገበሬ ለመሆን በቅቷል። እናቱ ፍራንሲስ አስካም ትባል ነበር። ጆን ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ሲሆን፣ ያደገበትም ሠፈር ከወንዝ ዳር የሚገኝና ጎርፍ የሚያዘወትረው የድኾች መኖሪያ ነበር። ወላጆቹ ምንም እንኳ ኑሯቸው ዝቅተኛ ቢሆን የልጃቸውን ትምህርት አላጓደሉም። ልጁም በሒሳብ ትምህርት ከጓደኞቹ ልቆ ይታይ ነበር። ይህ የሒሳብ ዝንባሌው ኋላ ለሚሠራው ሥራ ሁሉ መሠረት ሆኖታል።

በዚያ ዘመን ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ የድኻ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ አይችልም ነበር። ያለው መንገድ ከአንድ ሐኪም ጋር በተለማማጅነት መኖር ነው። ስለዚህ ስኖው ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1827፣ በኒውካስል ከተማ ለነበረው ለዊልያም ሃርድካስል ተሰጠ። በዚያም መድኃኒት መቀመም፣ ቁስል ማጠብና በሽተኛ መጎብኘት ተማረ። በ1831 መጨረሻ ላይ ኮሌራ እንግሊዝ አገር ገብቶ ወደ ኒውካስል አካባቢ በተዛመተ ጊዜ ወጣቱ ተለማማጅ በኪሊንግወርዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሚሠሩትን ሰዎች እንዲረዳ ተላከ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። ለበሽተኞቹ ሊያደርግላቸው የቻለው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ያየውን ሁሉ በአእምሮው መዝግቦ ተመለሰ።

በዚሁ በወጣትነቱ ሥጋ መብላት ተወ፤ መጠጥም ላለመጠጣት ቆረጠ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሲበዛ ቁጥብ፣ ዝምተኛና ሥራውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ኖረ። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም።

የሎንዶን ኑሮና የአዲስ ሕፃናት ትንፋሽ

ስኖው የተለማማጅነት ዘመኑን ከፈጸመ በኋላ በገጠር ከተሞች ለጥቂት ዓመታት በረዳትነት ሠርቶ በ1836 ወደ ሎንዶን ተነሣ። በሊቨርፑልና በዌልስ በኩል ዞሮ መንገዱን በእግሩ ተጓዘ። በሎንዶን በሐንቴሪያን የሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ በዌስትሚንስተር ሆስፒታል ልምምድ አደረገ። በ1838 የቀዶ ሐኪምነትንና የመድኃኒት ቀማሚነትን ፈተናዎች አልፎ በሶሆ ሠፈር በፍሪዝ ጎዳና የራሱን ሥራ ጀመረ። ሠፈሩ ድኻ በመሆኑ ገቢው ትንሽ ነበር። እርሱም ድምፁ የታፈነና በጨዋታ ሰው የማይስብ ስለ ነበር ገበያው አልደራለትም። ይሁን እንጂ ትምህርቱን ሳያቋርጥ በ1844 ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተርነትን ማዕረግ አገኘ።

ስኖው ከማደንዘዣ በፊት ያሳሰበው ነገር የሕፃናት ትንፋሽ ነበር። በኦክቶበር 1841 በዌስትሚንስተር የሕክምና ማኅበር ፊት ባቀረበው ጽሑፍ ታፍነው የሚወለዱ ሕፃናት እንዴት ትንፋሽ ሊዘሩ እንደሚችሉ አስረዳ። አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባና የሚያስወጣ ትንሽ መሣሪያም አሳየ። ይህን ጥናት ያደረገው ኤተር ከመታወቁ ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ የማደንዘዣ ዘመን ሲጀምር ከብዙዎቹ ሐኪሞች ይልቅ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ሳንባና ስለ ደም ዝውውር አስቀድሞ ያሰበ ሰው ሆኖ ተገኘ።

የኤተር መምጣትና የልክ ጥያቄ

ማደንዘዣ ከመገኘቱ በፊት ቀዶ ሕክምና የመጨረሻ አማራጭ ነበር። የፊኛ ጠጠር ያስጨነቀው ልጅ በጉልበተኞች ተይዞ እየጮኸ ይቀደድ ነበር። የቀዶ ሐኪም ችሎታም የሚለካው በፍጥነቱ ነበር። በኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በኤተር ተን ሰው አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ባስደረገ ጊዜ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ወሬው አትላንቲክን ተሻግሮ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሎንዶን ደረሰ። በዲሴምበር 21 ቀንም ሮበርት ሊስተን የተባለው ታላቅ ቀዶ ሐኪም በኤተር የተኛን ሰው እግር ቆረጠ።

ነገር ግን ደስታው ብዙም ሳይቆይ በጥርጣሬ ተተካ። አንዱ በሽተኛ በቀላሉ ሲተኛ ሌላው እየታነቀ ይታገል፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ይለፈልፍ ጀመር። ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን በኤተሩ ወይም በበሽተኛው ጠባይ ላይ ጣሉ። ስኖው በዚያ ወር መጨረሻ ኤተር ሲሰጥ ካየ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ሌላ ነበር። ጥፋቱ ተኑ ስንት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው ብሎ ተነሣ።

ኤተር ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ዕቃው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በቀዘቀዘም መጠን የሚሰጠው ተን ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ክፍል አየር እስከ ከመቶ 58 እጅ ያህል የኤተር ተን ሊሸከም ይችላል። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከመቶ 38 እጅ ገደማ ብቻ ይሆናል። ስኖው ይህን ልዩነት በሙከራ ለክቶ በጃንዋሪ 1847 በሠንጠረዥ አወጣ። ወዲያውም ኤተሩ ያለበት ዕቃ በውኃ ውስጥ ተቀምጦ ሙቀቱ የሚጠበቅበት መሣሪያ ሠራ። ፊትን የሚሸፍነውም ክፍል የሚዞር ክዳን ነበረው። በዚህም ክዳን ንጹሕ አየር እንደ ልብ እየጨመሩ ተኑን ማቅጠን ወይም ቀስ በቀስ ማበርታት ይቻል ነበር። ዛሬ በየቀዶ ክፍሉ የሚታየው ቬፖራይዘር የዚህ አሳብ ልጅ ነው።

በዚያው በ1847 ስለ ኤተር ባሳተመው መጽሐፍ የሰመመንን ጥልቀት በአምስት ደረጃ ከፈለ። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውዬው ያለበትን ያውቃል። በሁለተኛው አእምሮው እንደ ሕልም ይደፈርሳል። በሦስተኛው በፈቃድ መንቀሳቀስ ያቆማል። በአራተኛው ጡንቻው ሁሉ ላልቶ ትንፋሹ ብቻ ይቀራል። አምስተኛው ትንፋሽ የሚያስቸግርበትና የሚያቆምበት ደረጃ ሲሆን ስኖው ይህን ያየው በእንስሳት ላይ ብቻ ነበር፤ በሰውም ላይ ፈጽሞ መድረስ የለበትም ብሎ አስጠነቀቀ። በዚህ አከፋፈል ማደንዘዣ ሰጪው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከተው ምልክትና የማያልፈው ወሰን ተሰጠው።

ክሎሮፎርምና የአንዲት ልጅ ሞት

በኖቬምበር 1847 የኤዲንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቀ። ክሎሮፎርም ሽታው ደስ የሚል፣ ቶሎ የሚያስተኛና መሣሪያ የማይፈልግ መስሎ ታየ። በመሐረብ ላይ ጠብ አድርጎ አፍንጫ ላይ መያዝ ይበቃ ነበር። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤተርን ከብዙ ቦታ አስወጣው።

ከሁለት ወር በኋላ ግን፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1848፣ ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ ስኖው በተለማማጅነት ከኖረባት ከኒውካስል አጠገብ በምትገኝ ዊንላተን በምትባል መንደር የእግር ጥፍር ለማስወለቅ ክሎሮፎርም ተሰጣት። ልጅቷ ከዚያ በፊት በኤተር ሌላ ጥፍር አስወልቃ በደኅና ተነሥታ ነበር። በዚያን ቀን ግን ፈርታ ታለቅስ ነበር። በጨርቅ ላይ የፈሰሰው ክሎሮፎርም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፊቷ ገረጣ፤ ውኃና ብራንዲ በአፏ ቢጨመርላትም አልዳነችም። በክሎሮፎርም ሳቢያ ሞታለች ተብሎ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሰው እርሷ ነበረች።

ነገሩ ሙያውን ለሁለት ከፈለ። ሲምፕሰን ልጅቷን የገደላት በአፏ የተጨመረው ፈሳሽ ነው፣ መድኃኒቱ ንጹሕ ነው ብሎ ተከራከረ። ስኖው ግን ነገሩን በሒሳብ ተመለከተው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አየር እስከ ከመቶ 21 እጅ የሚደርስ የክሎሮፎርም ተን ሊሸከም ይችላል። በእርሱ ሙከራ ደግሞ ለሰው የሚበቃው ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ነበር። በመሐረብ የሚሰጥ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ስንት እንደሚያስገባ አያውቅም። የፈራችና የምታለቅስ ልጅም ትንፋሿን ይዛ ድንገት በረጅሙ ስትስብ የበረታው ተን ልቧን ሊያቆም ይችላል። ስኖው ለሞቷ የሰጠው ምክንያት ይህ ነበር።

ይህ ማብራሪያ ሙሉ እንዳልነበረ ኋላ ታውቋል። በ1911 ጉድማን ሌቪ የተባለው ተመራማሪ ክሎሮፎርም በትንሽ መጠን ተሰጥቶ ሰውነት በፍርሃት ወይም በሕመም አድሬናሊን ሲያመነጭ የልብ ትርታ ሊናወጥና ሊቆም እንደሚችል በእንስሳት ላይ አሳየ። ስለዚህ የልጅቷ ፍርሃት ራሱ የአደጋው አካል ሳይሆን አልቀረም። ነገር ግን ስኖው የሞትን ምክንያት በዕድል ወይም በበሽተኛው ጠባይ ማመካኘትን ትቶ በመጠኑና በአሰጣጡ መፈለጉ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ምርመራ ሁሉ መንገድ ያስያዘ ሆነ።

ሕፃናት በስኖው እጅ

ስኖው ከ1848 ጀምሮ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የሰጠውን ማደንዘዣ በየቀኑ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። የበሽተኛው ዕድሜ፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ማደንዘዣው የሠራበት ሁኔታ፣ የትርታውና የትንፋሹ ጠባይ፣ ማስመለስ መኖሩ ሁሉ ይጻፋል። ክሎሮፎርምን ብቻ ከ4000 ጊዜ በላይ ሰጥቷል። ከእነዚህም መካከል በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት ሲገኙ ከ180 የሚበልጡት አንድ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ብዙዎቹ ጨቅላዎች የቀረቡት ለላይ ከንፈር መሰንጠቅ ሲሆን ዕድሜያቸው በሳምንታት የሚቆጠር ነበር። ከዊልያም ፈርጉሰንና ከሌሎችም የታወቁ ቀዶ ሐኪሞች ጋር አብሮ ይሠራ ነበር።

ከዚህ ልምድ ያገኘው ዋና ነገር ሕፃን የትልቅ ሰው ታናሽ ቅጂ አለመሆኑን ነው። በሕፃናት ላይ ክሎሮፎርም ከአዋቂዎች ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሠራና ፈጥኖም እንደሚለቅ አስተዋለ። ምክንያቱንም የትንፋሻቸውና የደም ዝውውራቸው ፍጥነት አድርጎ አስረዳ። በዚህ አባባሉ ዛሬም ትክክለኛ ሆኖ ይገኛል። ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ሲታይ ሕፃን በደቂቃ የሚተነፍሰው አየር ከአዋቂው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ተኑ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል። ይህ ፈጥኖ መሥራቱ ግን ጥቅምም ጉዳትም አለው። ልጁ ቶሎ መተኛቱ መልካም ሲሆን፣ ከልክ ወደ ማለፍ የሚወስደውም ጊዜ ያንኑ ያህል አጭር ነው።

ስኖው ክሎሮፎርም በሰውነት ውስጥ ሳይለወጥ በትንፋሽ ተመልሶ እንደሚወጣም በሙከራ አሳየ። ይህ ግኝት በትንፋሽ የሚወሰድ ማደንዘዣ ያለውን ልዩ ጠባይ የገለጸ ነው። በሳንባ የገባው በሳንባ ይወጣል፤ ሰጪው እጁን ሲያነሣ፣ ልጁም እስከ ተነፈሰ ድረስ፣ መድኃኒቱ መውጣት ይጀምራል። የሚያስፈልገው የሚተነፍስ ልጅና ዓይኑን ከልጁ ላይ የማያነሣ ሰው ነው።

ቤተ መንግሥትና የውኃ መሳቢያው

ስኖው በሙያው የታመነ ሰው በመሆኑ ኤፕሪል 7 ቀን 1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ሲወልዱ ክሎሮፎርም እንዲሰጣቸው ወደ ቤተ መንግሥት ተጠራ። በምጥ ሕመም ጊዜ ጥቂት ጠብታ በመሐረብ ላይ እያደረገ ለ53 ደቂቃ ሰጣቸው፤ ንግሥቲቱም ሙሉ በሙሉ ሳይተኙ ሕመሙ ቀለለላቸው። በኤፕሪል 1857 ልዕልት ቢያትሪስ ስትወለድ እንደ ገና ተጠራ። በወሊድ ጊዜ ማደንዘዣ መስጠት አይገባም ይባል የነበረው ክርክር ከዚህ በኋላ እየደከመ ሄደ።

በመካከሉ በ1854 ኮሌራ በገዛ ሠፈሩ በሶሆ ተነሥቶ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ስኖው ከበር በር እየዞረ የሞቱትን ሰዎች መኖሪያ መዝግቦ፣ አብዛኞቹ ከብሮድ ጎዳና የውኃ መሳቢያ የጠጡ መሆናቸውን አረጋገጠ። የሠፈሩም አስተዳዳሪዎች በሴፕቴምበር 8 ቀን የመሳቢያውን እጀታ አስነቀሉ። ያን ጊዜ የሚበዙት ሐኪሞች በሽታው የሚመጣው ከተበከለ አየር ነው ይሉ ነበር። ስኖው ይህን ያልተቀበለው አንድም በማደንዘዣ ሥራው ምክንያት ነው። ተን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚቀጥን ዘወትር የሚለካ ሰው በመሆኑ፣ በሰፊው አየር የተበተነ ነገር በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው ሊጥል ይችላል የሚለው አነጋገር አላሳመነውም። ሁለቱ ሥራዎቹ የአንድ አእምሮ ሥራ ናቸው፤ በሁለቱም የጠየቀው ምን ያህል፣ በየት በኩል ገባ ብሎ ነው።

ጥፋትን ያለመደበቅ

ስኖው ከክሎሮፎርም የተሻለ ነገር ከመፈለግ አላረፈም። በ1856 መጨረሻ አሚሊን የተባለውን ተን መስጠት ጀመረ። ከ200 በሚበልጡ በሽተኞች ላይም በደኅና ሠራለት። ይሁን እንጂ በ1857 ሁለት በሽተኞች በእጁ ሞቱበት። ስኖው ሁለቱንም ሞት ሳይሸሽግ፣ ያደረገውንና ያየውን ሁሉ ዘርዝሮ ለሙያ ባልደረቦቹ አሳተመ፤ አሚሊን መስጠቱንም ተወ። ራሱ ያመጣውን መድኃኒት በራሱ ማስረጃ ፈርዶበት ማስወገድ ከሥራዎቹ ሁሉ ጋር ሊቆጠር የሚገባው ነው።

በጁን 10 ቀን 1858 ስለ ክሎሮፎርምና ስለ ሌሎች ማደንዘዣዎች የሚያዘጋጀውን ትልቅ መጽሐፍ ሲጽፍ ሳለ ድንገት የአንጎል ምታት ያዘው። በጁን 16 ቀንም በ45 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ፤ በሎንዶን በብሮምፕተን መቃብር ተቀበረ። መጽሐፉን ወዳጁ ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን በዚያው ዓመት አሳትሞታል። በመጽሐፉም ውስጥ በክሎሮፎርም የሞቱ 50 ሰዎች ታሪክ አንድ በአንድ ተመርምሯል። ስኖው የሌሎቹን ሞት እንደ ራሱ በሽተኞች ሞት አድርጎ አጥንቶታል።

ከስኖው በኋላ፤ የደም ሥር መንገድ

በመርፌ መድኃኒት የመስጠት ዘዴ የተጀመረው በስኖው ዘመን ነው። የኤዲንብራው አሌክሳንደር ዉድ በ1853 ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት በመርፌ ከቆዳ ሥር ይሰጥ ነበር። ስኖው ግን በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ ሳያይ ሞተ። በ1870ዎቹ ፒየር ኦሬ የተባለው ፈረንሳዊ ክሎራል ሃይድሬትን በደም ሥር ሰጥቶ ሰው አስተኛ፤ ነገር ግን አደጋው ስለ በዛ ዘዴው አልተስፋፋም። በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ እውነተኛ ቦታውን የያዘው በ1934 አሜሪካውያኑ ራልፍ ዋተርስና ጆን ላንዲ ቲዮፔንታልን ከጀመሩ በኋላ ነው። ከዚያም በ1970 በአሜሪካ የተፈቀደው ኬታሚን፣ በ1986 በብሪታኒያ ለገበያ የቀረበው ፕሮፖፎል ተከታትለው መጡ።

በትንፋሽ በኩልም ሥራው አልቆመም። በ1937 ፊሊፕ ኤር የተባለው ሐኪም ለጨቅላ ሕፃናት አተነፋፈስ የሚመች፣ ክዳን የሌለውና ቀላል የሆነ የቲ ቅርጽ ቱቦ ሠራ። ሥራውም የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ ባላቸው ሕፃናት ላይ፣ ከተማውም ስኖው በተለማማጅነት የኖረባት ኒውካስል ነበር። ጃክሰን ሪስ በ1950 ይህንኑ አሻሽሎ ዛሬ ባለሙያዎች ሁሉ የሚያውቁትን መልክ ሰጠው። በ1956 ሃሎቴን፣ ኋላም ሴቮፍሉሬን በመምጣታቸው ሕፃንን ያለ መርፌ፣ በጭምብል ብቻ ማስተኛት እጅግ ቀለለ።

ሁለቱ መንገዶች ሲወዳደሩ የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። በትንፋሽ የሚሰጠው የደም ሥሩ በቀላሉ ለማይገኝ፣ መርፌም ለሚፈራ ልጅ ይመቻል። ትንፋሽ እስካለ ድረስ መመለስም ይቻላል። ነገር ግን በሴቮፍሉሬን የተኙ ሕፃናት ሲነቁ የመበሳጨትና የመንፈራገጥ ጠባይ ያዘወትራቸዋል፤ ማስመለስም ይበዛል። በዘር ለሚወረሰው አደገኛ የሙቀት መጨመር ሕመም የተጋለጠ ልጅም ይህ ተን ሊገድለው ይችላል። በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎል ማስመለስንና ሲነቁ መበሳጨትን ይቀንሳል፤ ጉንፋን ወይም የትንፋሽ ቱቦ ሕመም ያለበትም ልጅ በማስተኛት ጊዜ ጉሮሮው የመዘጋት አደጋ ያንስበታል። ይሁን እንጂ ሲወጋ ያቃጥላል፣ ትንፋሽን ያቆማል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ኬታሚን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽን ሳይነካ ያስተኛል፤ በጡንቻም ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ምራቅ ያበዛል፤ ሲነቁም ቅዠት ያመጣል።

ከሁሉም በላይ ግን በደም ሥር የገባ መድኃኒት በሳንባ ተመልሶ አይወጣም። ሰውነቱ እስኪያከፋፍለውና ጉበቱ እስኪያጠፋው ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ስኖው ለተን የጠየቀው ልክ ለመርፌው ይበልጥ ያስፈልጋል። ሕፃን በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ የበለጠ ፕሮፖፎል ይፈልጋል። አራስ ሕፃን ደግሞ የሚያጠፋው ቀስ ብሎ ነው። በሚዛን ያልተመዘነ ልጅ የሚሰጠው መርፌ ከስኖው ዘመን መሐረብ የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው።

የስኖው ትምህርት በደጋ አገር

ስኖው የሠራባት ሎንዶን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያላለች ከተማ ናት። በኢትዮጵያ ደጋ የሚሠራ ባለሙያ ግን የስኖውን ሠንጠረዥ ሌላ ነገር ጨምሮ ሊያነበው ይገባል። 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በመንዝና በግሼ ደጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከመቶ 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ከዘመሮ ወይም ከመሐል ሜዳ ወገን የመጣ ሕፃን በዚያው ደጋ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት የሚተነፍሰው አየር በኦክሲጅን ኃይሉ በባሕር ወለል ላይ ከመቶ 15 እጅ እንኳ የማይሞላ ኦክሲጅን ካለበት አየር ጋር እኩል ነው። ናይትረስ ኦክሳይድም በዚያው መጠን ይደክማል።

ሃሎቴን የሚሰጥ የተለመደ ቬፖራይዘር በከፍታ ላይ ከተጻፈበት ቁጥር የበለጠ የተን እጅ ይለቃል። ነገር ግን የአየሩ ግፊት ስላነሰ ወደ አንጎል የሚደርሰው ኃይል ብዙም አይለወጥም። የሚያሳስተው የደጋው ብርድ ነው። በማለዳ በቀዘቀዘ ክፍል ሙቀትን የማያካክስ መሣሪያ ከታሰበው ያነሰ ተን ይሰጣል። ይህም ስኖው በጃንዋሪ 1847 ያስተዋለው ነገር ነው። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ለብርድም ለከፍታም ግድ የለውም፤ በዚህ ረገድ ለደጋ ይመቻል። ሆኖም ትንፋሽን የሚያዳክም መርፌ ኦክሲጅኑ በሳሳበት ቦታ ለሚያጠፋው ስሕተት የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ በደጋ አገር መንገዱ የትኛውም ቢሆን ኦክሲጅንና መተንፈሻ መሣሪያ አስቀድሞ ያልተዘጋጀለት ሕፃን መተኛት የለበትም።

በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የማደንዘዣውን ሥራ ተሸክመው የኖሩት በአብዛኛው ሐኪሞች ያልሆኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜም በእጃቸው የነበሩት ሃሎቴንና ኬታሚን፣ ማለትም የሁለቱ መንገዶች ተወካዮች ናቸው። ምርጫው በመጽሐፍ ከሚገኘው ይልቅ በመጋዘን ባለው መድኃኒት ይወሰናል። ለእንዲህ ያለው ባለሙያ የስኖው ሕይወት የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ስኖው የሠራባቸው መድኃኒቶች ሁሉ ዛሬ ከሚሠራባቸው የከፉ ነበሩ። ክሎሮፎርም ራሱ በአደገኛነቱ ምክንያት ከቀዶ ክፍል ወጥቷል። ይሁን እንጂ በዚያው አደገኛ መድኃኒት በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናትን አስተኝቶ ለመቀስቀስ በቅቷል። ያበቃውም ከመስጠቱ በፊት መጠኑን ስለ ለካ፣ ሲሰጥ ከልጁ ፊትና ትንፋሽ ላይ ዓይኑን ስላልነቀለ፣ ከሰጠም በኋላ ያየውን ሁሉ፣ ጥፋቱን ጭምር፣ በመዝገብ ስላሰፈረ ነው። ተን ይሻላል ወይስ መርፌ የሚለው ጥያቄ ተገቢ መልስ የሚያገኘው እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ ነው።